የማይፈርድ ሽማግሌ

የማስማማት ሥልጠና ሲጀመር የሚሰጠው ልምምድ ቀላል ይመስላል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ። አንዱ ከሰው ጋር ያጋጨውን ነገር ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጥና የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ ይነግረዋል። መምከር የለም፣ አስተያየት የለም፣ «አንተም እኮ…» ማለት የለም። እኔ በሠለጠንኩበት ክፍል ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ጠበቆች፣ አንድ ቄስ፣ የሰፈር ሽማግሌና የመሥሪያ ቤት አስተዳደር ሠራተኞች ነበሩ። ሁሉም የሰው ጠብ ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። ልምምዱን ግን በመጀመሪያው ዙር የተወጣው አልነበረም። ዳኛው የሰሙትን ሲመልሱ «ማስረጃው ግን የታለ?» አሉ። ቄሱ ወዲያው ወደ ይቅርታ ገቡ። አንዷ ጠበቃ ማን እንደሚረታ ተናገረች። ሽማግሌው ደግሞ የተናጋሪውን ትከሻ በፍቅር ይዘው «ተወው ልጄ፣ አንተ ትልቅ ሁን» አሉት።

አራቱም የተናገሩት ክፉ ነገር አይደለም። ግን አራቱም ፈርደዋል። ሽማግሌው የመከሩት ልጅ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል ሳይጨምር ዝም አለ፤ አሠልጣኛችንም የጠቆሙን ዝምታውን ነበር። ብዙ ዘመን አስተማሪ ሆኜ፣ በዕድራችንም ሰው ሲጋጭ እየተጠራሁ ኖሬያለሁ። አሁን ሥራዬ ማስማማት ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደኝ ዛሬም ያው ነው፦ ፍርዴን ለራሴ ይዤ መቀመጥ።

ዳኛ ይፈርዳል። የግልግል ዳኛም፣ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው የመረጡት ቢሆንም፣ ሰምቶ ይወስናል፤ ውሳኔውም ያስገድዳቸዋል። አስማሚ ይህ ሥልጣን የለውም። ሐሳቡ በሕጋችን አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዕርቅ በሚናገርበት ክፍል፣ አስታራቂው ያዘጋጀው የስምምነት ቃል ባለጉዳዮቹ ሊያጸድቁት በጽሑፍ ካልተዋዋሉ በቀር አያስገድዳቸውም ብሎ ነበር። ያን ክፍል በ2013 ዓ.ም. የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 ተክቶታል። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ደግሞ ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን በሕግ አስቀመጠ። ክስ ከፍቶ የመጣ ሰው አሁን ከችሎት ፊት ወደ አስማሚ ክፍል ሊመራ ይችላል። ከተስማሙ ጉዳዩ በዚያው ያልቃል፤ ካልተስማሙ ወደ ዳኛው ይመለሳሉ። በክፍሉ ውስጥ የተባለው ግን እዚያው ይቀራል፤ ሰው ልቡን የሚከፍተው ይህን ሲያምን ነው።

የሙያው ንድፈ ሐሳብ ብዙ አባትና እናት አለው። እኔ የምወዳት ሜሪ ፓርከር ፎሌትን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1933 የኖረች የቦስተን አካባቢ ሴት ናት። ሰዎች ሲጋጩ ሦስት መንገድ አላቸው ትል ነበር። አንደኛው ሌላውን ማሸነፍ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ ከሚፈልገው ቆርሶ መተው ነው። ሦስተኛው የሁለቱም ፍላጎት ሳይቆረስ የሚገባበትን አዲስ ነገር መፈለግ ነው። ምሳሌዋ ከራሷ ሕይወት ነበር። በሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስታነብ ሌላው አንባቢ መስኮቱ ይከፈት አለ፤ እሷ ይዘጋ አለች። በመጨረሻ ሰው የሌለበትን የጎረቤቱን ክፍል መስኮት ከፈቱ። ሰውየው የፈለገው አየር እንጂ ያን መስኮት አልነበረም፤ እሷም ያልፈለገችው የሰሜኑ ነፋስ ፊት ለፊት እንዲመታት ነው። ማንም የፈለገውን አልተወም። ግማሽ መስኮት ከፍተው ቢስማሙ ኖሮ ሁለቱም ቅር እያላቸው ይውሉ ነበር።

ከእርሷ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ሮጀር ፊሸርና ዊልያም ዩሪ ባሳተሙት የድርድር መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ በሰፊው አስተዋወቁት። ሰው በአፉ የሚለው አቋሙ ነው፤ ከአቋሙ በስተኋላ ያን እንዲል ያደረገው ፍላጎት ወይም ፍርሃት አለ። የእነርሱ ምሳሌ ሲና በረሃ ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1967ቱ ጦርነት ጀምሮ ይዛው ነበር፤ ግብፅ እያንዳንዷ ክንድ መሬት ትመለስ ትል ነበር። ካርታ ላይ የት ቦታ መስመር ቢሰመር አንዱ ወገን እምቢ ይል ነበር። የእስራኤል ጭንቀት የግብፅ ታንክ ድንበሯ ላይ እንዳይቆም ነበር፤ የግብፅ ጥያቄ ደግሞ ከፈርዖኖች ጀምሮ የእርሷ የሆነ መሬት ወደ እጇ እንዲመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1978 በካምፕ ዴቪድ ለ13 ቀናት ከተደረገው ድርድር የወጣው ስምምነት ሲና በሙሉ ለግብፅ እንዲመለስ፣ ሰፊው ክፍሉ ግን ከከባድ ጦር ነፃ እንዲሆን ነበር።

ስለ ካምፕ ዴቪድ ሳስተምር የማልዘለው ሌላ ነገር አለ። ነገሩ ሊበተን በደረሰበት በመጨረሻው ቀን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር ለእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ለሜናኽም ቤጊን የልጅ ልጆች ፎቶግራፍ ፈርመው አመጡላቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ የልጁ ስም ተጽፎበታል። ቤጊን ስሞቹን እየጠሩ አነበቡ፤ ሁለቱም ስለ ልጆቹ ተጨዋወቱ። ከዚያ በፊት ስለ ሕግና ስለ ድንበር ሲከራከሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ፎቶግራፉ ስምምነቱን አመጣው አልልም፤ ብዙ ረቂቅ ተጽፎ ብዙ ተሰርዞ ነበር። ግን ሰው ወደ ድርድር ሲገባ ቤተሰቡን፣ ክብሩንና ፍርሃቱን ይዞ እንደሚገባ ያሳያል።

ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት አንብቦ መረዳት ይቻላል። ክፍል ውስጥ መሥራት ሌላ ነው። በብዙ አገር መሠረታዊው ሥልጠና 40 ሰዓት የሚሆነው፣ አብዛኛውም ሰዓት በተውኔት መልክ በሚደረግ ልምምድ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ከሠራሁት አንዱን ልንገራችሁ። ባለጉዳዮቹ እንዳይታወቁ ሰፈሩንና አንዳንድ ዝርዝሩን ለውጫለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከቤሩት የተመለሰች ሴት ከልጇ ጋር ትኖራለች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ልክ ከሥሯ፣ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ ጡረተኛ አባት ከነቤተሰባቸው አሉ። ከላይ ውኃ ይንጠባጠባል። መታጠቢያ ቤታቸው ረጥቦ፣ እርጥበቱ ወደ ሳሎኑ ኮርኒስ እየተስፋፋ ነው። እሳቸው «ወለሏን አፍርሳ ትሥራ፣ የእኔንም ጉዳት ትክፈል» ይላሉ። እሷ «ቱቦው የሕንፃው ነው፣ ማኅበሩን ይጠይቁ፤ ወለሌን ማንም አይነካም» ትላለች። ማኅበሩ ሁለት ጊዜ ሰብስቧቸው ተሰዳድበው ተለያይተዋል። ሁለቱም ክስ ለመመሥረት ጠበቃ አነጋግረዋል።

ሲገቡ መጀመሪያ ያስተዋልኩት መጠሪያቸውን ነው። ለዓመታት «ጋሼ» ስትላቸው የኖረች ሴት አሁን «እኚህ ሰውዬ» ትላለች። እሳቸውም «ልጄ» ሲሏት የነበሩት «ይቺ ሴት» ብለዋል። እንዲህ ያለው ለውጥ ከቱቦው በላይ ሌላ የተሰበረ ነገር እንዳለ ይነግረኛል።

ሥራዬን አስረዳኋቸው፦ እንደማልፈርድ፣ የሚነግሩኝን ለማንም እንደማልናገር፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እንደሚጽፍ እንጂ እንደማያቋርጥ፣ ማንኛቸውም ሲፈልጉ ተነሥተው መሄድ እንደሚችሉ። አባትየው «ስሚ ልጄ፣ የማትፈርጂ ከሆነ ለምን መጣን?» አሉኝ። ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። «የቤቱን ችግር ከእኔ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ የመጣሁት እንድትደማመጡ ነው» አልኳቸው። ብዙም አልተደሰቱም።

ተራ በተራ ተናገሩ። «ቤቴን አፈረሰችብኝ» ሲሉ፣ «ቤትዎ እንግዳ ሲመጣ የማያፍሩበት ሆኖ እንዲቆይ ይፈልጋሉ» ብዬ መለስኩላቸው። ይህ ዘዴ የአነጋገሩን እሾህ ነቅሎ ጉዳዩን የማስቀረት ነው፤ ከተሳሳትኩ ባለቤቱ ያርመኛል፣ ልክ ከሆንኩ ትከሻው ዝቅ ይላል። የእሳቸው ዝቅ አለ። «እንግዳ» የሚለው ቃል ላይ ቆም አሉ። «ለምን?» ብዬ አልጠየቅኩም። «ለምን» የሚል ጥያቄ በእኛ ዘንድ ወቀሳ ሆኖ ይሰማል። «ይህ ነገር ቢስተካከል ምን ይቀልልዎታል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ለየብቻ ማነጋገር እንደሚያስፈልግ ያኔ አወቅኩ።

ብቻችንን ስንሆን ነገሩ ወጣ። ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሽማግሌ ሊላክ ነው፤ ቀኑም ተቆርጧል። የሚመጡት ሰዎች ሳሎን ተቀምጠው ቀና ሲሉ የሚያዩት ያን ጠቋቁሮ የተላላጠ ኮርኒስ ነው። «ሹፌር ሆኜ አገር ለአገር ዞሬ ያገኘሁት ቤት ነው፤ ምን ሊሉኝ ነው?» አሉ። ይህን በማኅበሩ ስብሰባ ላይ አንድም ጊዜ አልተናገሩም፤ አባት ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር ለጎረቤት መናገር ከባድ ነው።

እሷ ደግሞ ቤሩት ለዓመታት የሰው ቤት ወለል አጥባለች። ሴራሚኩ የተነጠፈው በዚያ ብር ነው። ያን ወለል መዶሻ ሲነካው ማየት አትችልም። ግን ከዚያም በላይ አንድ ቃል ነበረ። እሳቸው ደረጃው ላይ፣ ልጇ እጇን ይዛ ቆማ ሳለች፣ «ከአረብ አገር መጥተሽ ልታሰምጪን ነው?» ብለዋታል። ልጇ ማታ «እማዬ፣ አረብ አገር መሄድ ነውር ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ይህን ስትነግረኝ ስለ ውኃው ረስታ ነበር።

እዚህ ላይ ፍርዴ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አባትየው በደለኛ ናቸው፤ ሄጄ ልንገራቸው የሚል ስሜት ያዘኝ። ብነግራቸው ኖሮ ይሟገቱኝ ነበር። እኔ የጠየቅኳት «ከነገርሽኝ የትኛውን ላንሣላቸው? የትኛውን ራስሽ ትናገሪያለሽ? የትኛው እዚሁ ይቅር?» ብዬ ነው። ራሷ ልትናገር መረጠች። አብረን ስንቀመጥ፣ ስለ ቱቦው ሳይሆን ስለ ልጇ ጥያቄ ተናገረች። አባትየው ብዙ ጊዜ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ «ያን ቀን ያልኩት ቃል ልክ አልነበረም፤ ሕፃን ፊት ደግሞ፤ ከእኔ አይጠበቅም» አሉ። ማንም ይቅርታ ይጠይቁ አላላቸውም። ትንሽ ቆይታ «ጋሼ፣ ሰው ሊመጣ ነው አይደል? በሰፈር ተሰምቷል» አለች። «ጋሼ» ስትል ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ስለ ውኃው መነጋገር ተቻለ። ሁለቱም የየራሳቸውን ቧንቧ ሠራተኛ አምጥተው ነበር፤ አንዱ ከላይ ይፈረስ፣ ሌላው ከታች ነው ብሏል። ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ሠራተኛ እንዲያየው ተስማሙ። ሰውየው አይቶ የሚያንጠባጥበው የፍሳሹ ቱቦ መጋጠሚያ እንደሆነ፣ ቱቦውም በእሷ ወለልና በእሳቸው ኮርኒስ መሐል እንደሚያልፍ አሳያቸው። ከሥር፣ ከእሳቸው መታጠቢያ ቤት በኩል ኮርኒሱን ከፍቶ መሥራት ይቻላል። ሴራሚኩ አይነካም። የፎሌትን መስኮት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ግን መፍትሔው ከእኔ አልመጣም። ስለ ቧንቧ የማውቀው ነገር የለም።

ስምምነቱን ስንጽፍ ደግሞ ቸኩለው ነበር፤ «እንግዲህ ታረቅን፣ ምን ጽሑፍ አስፈለገ» አሉ። ሰው ሲታረቅ ሆደ ሰፊ ይሆናል፤ ሒሳብ ሲመጣ ግን እንደገና ይጠባል። ስለዚህ ማን ምን እንደሚከፍል፣ ሠራተኛው በየትኛው ቀን እንደሚገባ፣ ቁልፍ ማን እንደሚያስቀምጥ፣ ኮርኒሱ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት እስከ መቼ ቀለም እንደሚቀባ ተጻፈ። ዕቃውንና የእጅ ዋጋውን እሷ፣ ቀለሙን እሳቸው። ውኃው እንደገና ቢታይ ወደ ማኅበሩ ከመሄድ በፊት አንዱ የሌላውን በር ማንኳኳት እንዳለባቸው ጨመሩበት። የደረጃው ቃልና ይቅርታው አልተጻፈም፤ እሷም እንዲጻፍ አልፈለገችም።

ሮበርት ቡሽና ጆሴፍ ፎልጀር እ.ኤ.አ. በ1994 በጻፉት መጽሐፍ፣ የማስማማት ትልቁ ፍሬ የተፈረመው ወረቀት አይደለም፤ በጠብ ውስጥ አቅም ያጣ ሰው አቅሙን መልሶ ማግኘቱና ሌላውን እንደ ሰው ማየት መጀመሩ ነው ይላሉ። ከሁለቱ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ቱቦው ባይሠራ ኖሮ ይቅርታውም በሚቀጥለው ክረምት ይታጠብ ነበር። የቱቦው ሥራም ይቅርታውም ያስፈልጋሉ።

ስለ ማስማማት ስናገር ብዙ ሰው «እኛ ሽምግልና እያለን ፈረንጅ ሊያስተምረን ነው ወይ?» ይለኛል። ሽምግልናችን ሀብት ነው። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያከብሯቸው አበጋሮች ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ያስታርቃሉ። በኦሮሞ ዘንድ ለፈሰሰ ደም ካሳ ተከፍሎ የሚታረቁበት የጉማ ሥርዓት አለ። ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው ሲወጡና በተጋጣሚዎች መሐል ሲቆሙ ውጊያው መቆም አለበት፤ ያን በትር እናት ለልጇ በሰርጓ የምትሰጣት ነው። እኔ ሴት ሆኜ በዚህ ሥራ ስቀመጥ፣ ሴት አስታራቂ ከውጭ የመጣ ነገር ነው የሚሉኝን ሲንቄን አስታውሳቸዋለሁ። ሽማግሌ ባዕድ አስማሚ የሌለው ኃይልም አለው። ከዕርቁ በኋላ እዚያው ሰፈር ይኖራል፤ ቃሉን ያፈረሰ ሰው በልቅሶና በሰርግ ፊቱን ማየት አለበት። ፖል ዌርና ጆን ፖል ሌደራክ መካከለኛው አሜሪካን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1991 የጻፉት ይህንኑ ነው። ሁልጊዜ ከሁለቱም የማይዛመድ የውጭ ሰው ብቻ አስማሚ ይሆናል ማለት ስህተት ነው፤ የሚያውቁትና የሚያምኑት የውስጥ ሰውም ይሆናል።

የእኔ ቅሬታ በአንድ ነገር ላይ ነው፤ «እሺ» የምናስብልበት መንገድ ላይ። ሦስት ሽማግሌ ተነሥተው «ለሽበታችን» ሲሉ፣ ከዚያም አልፈው እግር ላይ ለመውደቅ ጎንበስ ሲሉ፣ ጨዋ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? «እሺ» ይላል። ግን ያ «እሺ» ለሽማግሌዎቹ ክብር የተሰጠ ነው፤ በጉዳዩ ላይ ገና አልተነጋገረም። የወንድማማቾች የውርስ ቤት ጠብ በየፋሲካው ታርቆ በየክረምቱ ሲነሣ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሽማግሌው ከመለመኑ በፊት አንድ ሰዓት ቢጠይቅ፣ «የአባታችሁ ቤት ቢሸጥ ምን ታጣለህ?» ቢል፣ ልመናው ራሱ ላያስፈልግ ይችላል።

የዚህ «እሺ» ሸክም ከሁሉ የሚከብደው ሴቶች ላይ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ፍቺ የመወሰን ሥልጣን ነበራቸው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቶ የሽማግሌውን ድርሻ ለማስታረቅ በመሞከር ወሰነው። ሕጉ ተለወጠ፤ «ለልጆችሽ ስትይ ተመለሺ» የሚለው ልማድ ግን እንዳለ ነው። ዱላ ባለበት ቤት ማስማማት አይደረግም። በአንድ ጠረጴዛ እኩል መናገር የማይችሉ ሰዎችን ማስማማት ያለውን ፍርሃት በፊርማ ማጽናት ነው።

ስለዚህ ባልና ሚስትን አብሬ ከማስቀመጤ በፊት ለየብቻ አነጋግራለሁ። «ስትከራከሩ ምን ይሆናል?» እላታለሁ፤ «እምቢ ስትይው ምን ያደርጋል?» እላታለሁ። መልሱን ከመስጠቷ በፊት ወደ በሩ ካየች አስተውላለሁ። እንዲህ ሲሆን ስብሰባውን አልጠራም። ለባልየው የምነግረው ጉዳዩ ለማስማማት እንደማይሆን ብቻ ነው፤ ከእርሷ ምን እንደሰማሁ አያውቅም። እርሷ ከፈለገች በፖሊስ ጣቢያ ያለውን የሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ የምታገኝበትንም እጠቁማታለሁ።

ይህን ለዕድራችን ሽማግሌዎች ሳስረዳ አንዱ አባት «ታዲያ ትዳር ይፍረስ ነው የምትይን?» አሉኝ። ይፍረስም አይፍረስም የሚሉት ባለቤቶቹ እንደሆኑ፣ እኛ ግን ማን በነፃነት እንደሚናገር ሳናውቅ መቀመጥ እንደሌለብን ነገርኳቸው። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ወደ አንድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ከዕድሩ ሁለት ሴቶች ቀድመው ሚስትየዋን ብቻዋን እንዲያነጋግሩ ተወሰነ፤ ሴቶቹ «አትምጡ» ካሉ ሽማግሌዎቹ አይሄዱም።